የጄምስ ጄመርሰን የሕይወት ታሪክና አንዲት ቤዝ ጊታሩ

አንድ ቤት ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው በሩንና መስኮቱን፥ የግድግዳውንም ቀለም ነው፤ ከመሬት በታች ሆኖ ቤቱን የተሸከመውን መሠረት ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በሙዚቃም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ድምፃዊው ይጨበጨብለታል፤ መለከት ነፊው ይታያል፤ ከበሮ መቺውም በጉልበቱ ይታወቃል፤ ከበታች ሆኖ ዜማውንና ምቱን አንድ ላይ የሚያስተሳስረው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆሞ ይቀራል። እኛ ሙዚቃን የምንወድ ተማሪዎች፤ ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት የአንድ ሰው ታሪክ ለማቅረብ ባሰብን ጊዜ፤ ከኋላ ከቆሙት መካከል ታላቁን መርጠናል። እርሱም አሜሪካዊው ጄምስ ጄመርሰን ነው።

ለምርጫችን ሌላም ምክንያት አለን። ቤዝ ጊታር በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ ከቶ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። አንዱ ያቺኛዋ ትበልጣለች ይላል፤ ሌላው ይህችኛዋን ያመሰግናል፤ ሁለት ወይም ሦስት ያለውም የትኛዋን አስቀርቶ የትኛዋን እንደሚሸጥ ሲያወጣና ሲያወርድ ይኖራል። ብዙው ሰውም አዲስ በወጣ ቁጥር የያዘውን ይለውጣል፤ ከለወጠም በኋላ ይጸጸታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ጄመርሰን ግን በታወቀበት ዘመን ሁሉ ከአንዲት ቤዝ ጊታር ጋር ተጣብቆ የኖረ ሰው ነበር። ይህ ታማኝነቱ ምን እንዳስገኘለትና ምን እንዳሳጣው መመርመር ለመሣሪያ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን፤ አንድ ሙያ ይዞ ለመኖር ለሚያስብ ተማሪ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ጄምስ ሊ ጄመርሰን በ1936 ዓ. ም. ጃንዋሪ 29 ቀን፥ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፥ ከቻርልስተን ከተማ በማይርቀው በኤዲስቶ ደሴት ተወለደ። ይህ ደሴት በባርነት ዘመን የጥጥ እርሻ የነበረበት አገር ነው፤ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎች ልጅ ልጆችም ቋንቋቸውንና ዜማቸውን ጠብቀው የኖሩበት ነው። ጄመርሰን በተወለደበት ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሩ ሕዝብ በሕግ ከነጩ ተለይቶ ይኖር ነበር።

አባቱ በመርከብ መሥሪያ ይሠራ ነበር፤ እናቱም በሰው ቤት በማገልገል ትተዳደር ነበር። ወላጆቹ ስለ ተለያዩ ሕፃኑ ያደገው በከፊል ከዘመዶቹ ጋር ነው። አያቱ ፒያኖ ትጫወት ነበር፤ አክስቱም በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ትዘምር ነበር። በዚህ ዓይነት ልጁ ገና ፊደል ሳይለይ ዜማ ይለይ ጀመር። ስለ ልጅነቱ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው። በአንድ እንጨት ላይ ክር ወጥሮ እንጨቱን በጉንዳን ኩይሳ ላይ ተከለው፤ ክሩንም እየመታ ጉንዳኖቹን አስጨፍራለሁ ይል ነበር ይባላል። ጉንዳኖቹ ይጨፍሩ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ነገር ግን አንድ ክርና አንድ እንጨት ይዞ የጀመረው ልጅ በኋላ በአራት ክር የዓለምን ወጣት ሁሉ እንዳስጨፈረ እናውቃለን።

ትምህርት ቤቱና ኮንትራባሱ

በ1954 ዓ. ም. ጄመርሰን በሰሜን ወደምትገኘው ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄዶ ከእናቱ ጋር መኖር ጀመረ። ዲትሮይት በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች መናኸሪያ ነበረች፤ ከደቡብ እየፈለሱ የሚመጡ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦችም እንጀራቸውን በዚያ ይፈልጉ ነበር። ልጁም ኖርዝዌስተርን በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ተፈጸመ። ጄመርሰን ቀደም ሲል ፒያኖ ይነካካ ነበር እንጂ የባስ ተጫዋች አልነበረም። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ማንም ያልያዘው አንድ ኮንትራባስ አገኘ፤ አንሥቶም ሞከረው። እጁ ሰፊ፥ ጣቶቹም ጠንካሮች ስለ ነበሩ መሣሪያው ተስማማው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ታላቅ መሣሪያ ትቶ አልሄደም። የትምህርት ቤት ንብረት የሆነ አንድ መሣሪያ በአንድ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ከእርሱም የአንድ ዘመን ሙዚቃ ተነሣ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለሙዚቃ ክፍሉ የሚያወጣው ገንዘብ ለጨዋታ ብቻ የሚወጣ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ካለ፤ ይህን ታሪክ እንዲያስታውስ እንወዳለን።

ጄመርሰን ትምህርቱን እየተከታተለ ሌሊት ሌሊት በዲትሮይት የጃዝ ቤቶች ይጫወት ጀመር። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በጃዝ ሙዚቀኞች የበለጸገች ነበረችና ከብዙ አዋቂዎች ጋር ተገናኝቶ ሙያውን አጠነከረ። ዋሽቦርድ ዊሊ ከሚባለው የብሉዝ ተጫዋች ቡድንም ጋር ሠርቷል። በዚህ ዘመን ልቡ ያረፈው በኮንትራባስ ላይ ነበር፤ ይህም ነገር በኋላ ለሠራው ሥራ ሁሉ ሥር ሆኖ ቀርቷል።

ስለ ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ጥቂት ማብራሪያ

የሰውየውን ሥራ ለመረዳት የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮንትራባስ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፥ ከእንጨት የተሠራ ታላቅ መሣሪያ ነው። ድምፁ ጥልቅና ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከቦታ ቦታ ለማጓጓዝ እጅግ ያስቸግራል፤ ከበሮና መለከት በሚጮሁበት ቦታም ድምፁ ይዋጣል። አንገቱም ልሙጥ ስለ ሆነ ጣት አንዲት ቅንጣት ከቦታዋ ብትዛነፍ ቅኝቱ ይበላሻል።

በካሊፎርኒያ ግዛት በፉለርተን ከተማ ሊዮ ፌንደር የሚባል ሰው ነበር፤ ሥራውን የጀመረው ራዲዮ በመጠገን ነው። እርሱ ራሱ ጊታር መጫወት የማያውቅ ሰው ሲሆን፤ በ1951 ዓ. ም. አራት ክር ያለው፥ በአንገት ተንጠልጥሎ የሚያዝ፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቤዝ ጊታር ለገበያ አወጣ። በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት መለያዎች ስለ ተሰደሩበት ተጫዋቹ ድምፁን ሳይስት በትክክል ያገኘዋል፤ ስለዚህም ፌንደር ፕሪሲዥን፥ ማለት ትክክለኛ፥ ብሎ ሰየመው። የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ የሚባለው ማግኔት በ1957 ዓ. ም. ለሁለት ተከፍሎ ተሻሻለ። በ1960 ዓ. ም. ደግሞ አንገቱ ወደ ራሱ በኩል ቀጠን ያለና ሁለት ፒክአፕ ያለው ጃዝ ቤዝ የተባለው ወጣ። እስከ ዛሬም ድረስ ተጫዋቾች የሚከራከሩት በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። ፕሪሲዥን ወፍራምና ሙሉ ድምፅ አለው፤ ጃዝ ቤዝ ግን ጠራ ያለና ለፈጣን ጣት የተመቸ ነው ይባላል።

በሞታውን ቤት

በ1959 ዓ. ም. ቤሪ ጎርዲ የሚባል የዲትሮይት ሰው ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በኋላ ሞታውን የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። የኩባንያውም መሥሪያ ቤት በዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ጄመርሰን የተማረበት ኖርዝዌስተርን ትምህርት ቤትም የሚገኘው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ እስከ ዓለም ዝና ድረስ ያለው ርቀት በአንድ መንገድ ላይ ተለክቶ ይገኛል ማለት ነው።

ሙዚቀኞቹ የሚሠሩባት ክፍል ጠባብና ዝቅ ያለች ስትሆን የእባብ ጉድጓድ የሚል ቅጽል ስም ነበራት። በዚያች ክፍል ቀንና ሌሊት ሳይባል ዘፈን ይቀዳ ነበር። ቡድኑም ፈንክ ብራዘርስ በሚል ስም ይጠራል፤ ከእነርሱም መካከል ከበሮ መቺው ቤኒ ቤንጃሚንና ፒያኖ ተጫዋቹ ኧርል ቫን ዳይክ ይገኛሉ። ጄመርሰን ከነዚህ ጋር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኮንትራባስ ይቀዳ ነበር። በ1960ዎቹ መግቢያ ከድምፃዊው ከጃኪ ዊልሰን ጋር ለጉዞ በወጣበት ዘመን ግን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ያዘ፤ ከዚያም በኋላ ዋና መሣሪያው ሆነ።

ሦስቱ ቤዝ ጊታሮች

የመጀመሪያይቱ ቤዝ ጊታሩ በ1957 ዓ. ም. የተሠራች ፕሪሲዥን ነበረች። የሰጠው አንድ የሙያ ጓደኛው የሆነ የቤዝ ተጫዋች ነው፤ ጥቁር ቀለም ስለ ተቀባች ጥቁር ቆንጆ እያሉ ይጠሯት ነበር። ይህችን ሌባ ወሰዳት። ሁለተኛም ፕሪሲዥን ነበረችው፤ እርሷም ተሰረቀች። ሦስተኛይቱ በ1962 ዓ. ም. የተሠራችው ናት፤ እርሷም ከመካከሏ ቢጫ ሆና ወደ ጠርዟ እየጠቆረች የምትሄድ ነበረች። ከአንገቷ ሥር ፈንክ የሚል ቃል ተጽፎባት ነበር፤ ተጫዋቾችም እስከ ዛሬ ፈንክ ማሽን እያሉ ያነሷታል። ዓለም የሚያውቀው የጄመርሰን ድምፅ የወጣው በአብዛኛው ከዚህችው ነው።

ይህች ቤዝ ጊታር በፋብሪካ ስትወጣ ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር አልነበረም። የለያት ባለቤቷ ነው። ክሮቿ ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመባቸው፥ እጅግ ወፍራሞች፥ ላ ቤላ በሚባል ፋብሪካ የተሠሩ ነበሩ። ሌላው ተጫዋች ክሩ ባረጀ ቁጥር ይለውጣል፤ ጄመርሰን ግን ክር ካልተበጠሰ በቀር አይለውጥም ነበር፤ ላቡና እድፉ የገባበት ክር ለእርሱ የድምፁ ምሥጢር ነበር። ክሮቹም ከአንገቱ በጣም ከፍ ብለው የተወጠሩ ስለ ነበሩ ሌላ ሰው ሊጫን ቢሞክር ጣቱን ያመው ነበር። ክሮቹ በሚያርፉበት ብረት ክዳን ሥር ደግሞ ስፖንጅ ነበረ፤ ይህም ድምፁ ሳይንዛዛ በልክ እንዲቆም ያደርገው ነበር። ክራር የሚደረድር ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል፤ በጣት ዳሰስ ተደርጎ የታፈነ ክርና ተለቅቆ የሚጮኽ ክር አንድ ዓይነት ምት አይሰጡምና።

ይህ ሁሉ ሲታይ ሰውየው ከኤሌክትሪኩ መሣሪያ ላይ የትምህርት ቤቱን ኮንትራባስ ይፈልግ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ከፍ ያለው ክር፥ ወፍራሙ ሽቦ፥ የታፈነው ድምፅ፥ ሁሉም የኮንትራባስ ጠባይ ነው። የሚመታውም እንደ ኮንትራባስ በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ጣቱ መንጠቆ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ዛሬ ብዙ ተማሪ ለፍጥነት ብሎ ሁለትና ሦስት ጣት ይለማመዳል፤ እርሱ ግን በአንዲት ጣት የሠራውን ብዙ ሰው በሁለት ጣት ለመከተል ይቸገራል።

በስቱዲዮው ውስጥ ቤዝ ጊታሩ በብዙ ጊዜ በድምፅ ማጉያ ፊት ሳይሆን በቀጥታ ከመቅጃው መሣሪያ ጋር በሽቦ ይያያዝ ነበር። ስለሆነም በሸክላው ላይ የምንሰማው የክሩንና የጣቱን ድምፅ ነው፤ መሸፈኛ የለውም። በሌሊት ቤቶች ሲጫወት ግን አምፔግ በተባለ ፋብሪካ የተሠራ ቢ 15 የሚባል መጠነኛ ማጉያ ይጠቀም ነበር።

የሥራው ታላቅነት

ከእርሱ በፊት በዘፈን ውስጥ የቤዝ ተጫዋች ሥራ ቀላል ነበር። የመሠረቱን ድምፅና አምስተኛውን እየቀያየረ ይመታል፤ ከዚያ አያልፍም። ጄመርሰን ከጃዝ ያገኘውን እውቀት ይዞ በመጣ ጊዜ ቤዙ ከድምፃዊው ዜማ በታች የሚሄድ ሁለተኛ ዜማ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ ምቱን ሳይጠበቅ ያስቀድማል፤ አንዳንድ ጊዜ ዝም ብሎ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገርም በመካከል ያሉትን ትናንሽ ደረጃዎች ይረግጣል። ሆኖም ድምፃዊውን ከቶ አይሸፍንም። ኃይለኛ ሆኖ ትሑት መሆን ማለት ይህ ነው።

ቴምፕቴሽንስ የተባሉት ድምፃውያን የዘፈኑትን «ማይ ገርል» የተባለውን ዘፈን የሰማ ሰው ሁሉ መግቢያውን ያስታውሳል፤ ዘፈኑን የሚከፍተው የጄመርሰን ቤዝ ነው። እዚያ የመታው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ጀማሪ ተማሪ በአንድ ቀን ያጠናዋል። በ1968 ዓ. ም. ስቲቪ ወንደር በዘፈነው «ፎር ዋንስ ኢን ማይ ላይፍ» ላይ ግን እየደጋገመ ከመምታት ይልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየለዋወጠ ይሄዳል። ጥቂት ማለት ሲገባ ጥቂት፥ ብዙ ማለት ሲገባም ብዙ ማለትን ያውቅ ነበር። በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ከወጡት ዘፈኖች መካከል እርሱ የተጫወተባቸው ወደ 30 እንደሚጠጉ ይነገራል።

በ1971 ዓ. ም. የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎኢንግ ኦን» የተባለው ሥራ ወጣ። እንደሚነገረው የዚህ ዘፈን ቅጂ በተደረገበት ሌሊት ጄመርሰንን ከሚጫወትበት ቤት ፈልገው አመጡት፤ ከመጠጥ የተነሣ በወንበር ላይ መቀመጥ ስላቃተው በወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ተጫወተው። ይህን ታሪክ አንዳንዶች እየሳቁ ያወሩታል። እኛ ግን የምናየው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የእጁ ታላቅነት፥ ሁለተኛው ቀስ በቀስ እየገደለው የነበረ ጠላት።

ይህ ሙዚቃ ወደ አገራችንም ደርሶ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአሥመራ፥ በቃኘው ጣቢያ የነበረው የአሜሪካ ጦር ራዲዮ የአሜሪካን ዘፈን ያሰማ ነበር፤ ሸክላውም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ቡድኖች ውስጥ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ቦታ አግኝቷል። ሸክላውን የሰሙት ወጣቶች ግን ቤዙን የመታው ማን እንደ ሆነ ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ በሸክላው ላይ ስሙ አልነበረምና።

ሌሎች ተጫዋቾችስ የትኛዋን አስቀሩ?

ነገሩን ለማመዛዘን የሌሎችን ምርጫ ጥቂት እንመልከት። እንግሊዛዊው ፖል ማካርትኒ በ1961 ዓ. ም. በሐምቡርግ ከተማ የቫዮሊን ቅርጽ ያላትን ሆፍነር ቤዝ ገዛ፤ እርሷም እጅግ ቀላል ናት፤ ለግራ እጅ ሲገለብጧትም ቅርጿ አይበላሽም። በኋላ ሪከንባከር የተባለችውን ለስቱዲዮ ቢወስድም ሆፍነሯን አልተዋትም። የመጀመሪያይቱ ሆፍነር በ1972 ዓ. ም. ተሰርቃ ከ50 ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ እንደ ተመለሰች በ2024 ዓ. ም. ተገልጿል። ማካርትኒም ጄመርሰንን ከመምህራኑ እንደ አንዱ አድርጎ የሚያከብር ሰው ነው።

ጃኮ ፓስቶሪየስ ደግሞ በ1962 ዓ. ም. የተሠራች ጃዝ ቤዝ ነበረችው። የእርሷን ፍሬቶች አውልቆ አንገቷን በጀልባ ማጣበቂያ ቀብቶ እንደ ኮንትራባስ ልሙጥ አደረጋት፤ ከእርሷም እንደ ሰው ድምፅ የሚዘምር ድምፅ አወጣ። በ1986 ዓ. ም. በኒው ዮርክ ተሰረቀችበት፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ገና በ35 ዓመቱ ሞተ። በሜምፊስ ከተማ ደግሞ ዶናልድ ደክ ደን የሚባለው ተጫዋች እንደ ጄመርሰን ፕሪሲዥን ይዞ፤ ነገር ግን ቀለል ባለ አመታት ሌላ ዓይነት ታላቅ ሥራ ሠርቷል።

እንግዲህ ከእነዚህ ምን እንማራለን? አንዱ ቀላሏን፥ ሁለተኛው ልሙጧን፥ ሦስተኛው ወፍራሟን መረጠ። ሁሉም አልተሳሳቱም። ምክንያቱም መጀመሪያ የሚፈልጉትን ድምፅ በልባቸው ሰምተው፤ ከዚያ በኋላ ያንን ድምፅ የምትሰጣቸውን መሣሪያ አስቀሩ። ድምፁን ሳያውቅ መሣሪያ የሚያማርጥ ሰው ግን የት እንደሚሄድ ሳይወስን በቅሎ እንደሚያማርጥ መንገደኛ ነው። ጄመርሰንም ስምንት ክርና አምስት ክር ያላቸውን ቤዞች ሞክሯል ይባላል፤ ነገር ግን ወደ አሮጌይቱ ተመልሷል።

የሎስ አንጀለስ ዘመንና ፍጻሜው

ከሞታውን ሸክላዎች አብዛኞቹ የመሣሪያ ተጫዋቾቹን ስም አይጽፉም ነበር። የ1971ዱ የማርቪን ጌይ ሸክላ ስሙን በምስጋና ሲያነሣ ጄመርሰን ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶ ነበር። በ1972 ዓ. ም. ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ ብዙዎቹ የዲትሮይት ሙዚቀኞችም ያለ ሥራ ቀሩ። ጄመርሰን በ1973 ዓ. ም. ተከትሎ ሄደ፤ ነገር ግን ከኩባንያው ጋር የነበረው ውል በዚያው ዓመት አበቃ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚለው የአባቶቻችን አባባል በእርሱ ላይ ደረሰ።

በሎስ አንጀለስ መጀመሪያ ላይ ሥራ አላጣም፤ በ1976 ዓ. ም. አንደኛ በወጡ ዘፈኖች ላይ ተጫውቷል። ዘመኑ ግን እየተለወጠ ነበር። አሁን የሚፈለገው ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት አዲስ ክር የሚሰጠው ብሩህ ድምፅ ነው፤ አውራ ጣት እየወረወሩ መምታትና ድምፅ የሚለዋውጡ መሣሪያዎችም ፋሽን ሆኑ። አዘጋጆቹ ክሩን እንዲለውጥ ጠየቁት፤ እርሱ ግን አሮጌ ክሮቹንና አሮጌ ቤዙን ይዞ እምቢ አለ። መጠጡም እየበረታ ሄደ፤ በሰዓቱ የማይገኝ ሰው ሆነ። ስለዚህ የሚጠሩት እያነሱ ሄዱ።

እዚህ ላይ ፍርዱ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ክሩን ቢለውጥ ኖሮ እንጀራው አይቋረጥም ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ክሩን ቢለውጥ ኖሮ ጄመርሰን መሆኑ ይቀር ነበር ይላል። እኛም በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል። በመጨረሻ የተስማማነው ግን በዚህ ነው፤ ጄመርሰንን የጎዳው አሮጌዋን ቤዝ ማስቀረቱ አይደለም። የጎዳው መጠጡና ብቸኝነቱ፥ የሠራለትም ዓለም ስሙን አለማወቁ ነው። ስሙ ቢታወቅ ኖሮ ክርህን ለውጥ የሚለው አይኖርም ነበር፤ ያ ድምፅ የሚፈለገው በስሙ ይሆን ነበርና።

በ1983 ዓ. ም. ማርች ወር የሞታውን 25ኛ ዓመት በዓል በካሊፎርኒያ በፓሳዲና ከተማ በታላቅ ድግስ ተከበረ። ታላላቆቹ ድምፃውያን ሁሉ በመድረክ ላይ ወጡ። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹን በጣቱ የተሸከመው ጄመርሰን ግን አልተጠራም፤ እንደሚነገረው እንደ ማንኛውም ተመልካች ትኬት ገዝቶ ከኋላ ተቀምጦ ተመለከተ። በዚያው ዓመት፥ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፥ ያቺ የ1962 ዓ. ም. ፕሪሲዥን ከቤቱ ተሰረቀች። ጄመርሰንም በኦገስት 2 ቀን 1983 ዓ. ም. በጉበት በሽታና ከእርሱ ጋር በተያያዘ ሕመም በሎስ አንጀለስ ዐረፈ። ዕድሜው 47 ዓመት ነበር። ሥጋውም በዲትሮይት ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ ያገኘው ክብር

በ1989 ዓ. ም. አለን ስለትስኪ የሚባል ጸሐፊ ሕይወቱን መርምሮ፥ የቤዝ ዜማዎቹንም በኖታ ጽፎ በመጽሐፍ አወጣ። በዚህ መጽሐፍ አማካይነት በዓለም ያሉ ተማሪዎች ስሙን አወቁ። በ2000 ዓ. ም. በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ገባ፤ በመድረክ ከኋላ ለሚሠሩ ሙዚቀኞች በተዘጋጀው የክብር ስፍራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነበር። በ2002 ዓ. ም. ስለ ፈንክ ብራዘርስ ፊልም ተሠራ፤ በ2004 ዓ. ም. ደግሞ ቡድኑ የዕድሜ ልክ ሥራ የግራሚ ሽልማት ተቀበለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለባለቤቱ ዘግይቷል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፤ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ቤዝ ጊታር ለመለወጥ የሚያስብ ጓደኛችን ሁሉ ከመሸጡ በፊት የያዛትን በደንብ ይወቅ። ክሩን፥ የክሩን ከፍታ፥ የራሱንም ጣት ይመርምር። ጄመርሰን በፋብሪካ እንደ ወጡት ሌሎች በሆነች አንዲት መሣሪያ ላይ ሌላው ያልደረሰበት የደረሰው ከእርሷ ጋር ብዙ ስለ ቆየ ነው። ይህ ለመሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ለመጽሐፍም፥ ለሙያም፥ ለወዳጅም ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ተሰጥኦ ያለው ሰው መሣሪያውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ገላውንም ይጠብቅ። የጄመርሰን ክር ባረጀ ቁጥር ድምፁ ይጣፍጥ ነበር፤ የሰው ጉበት ግን እንደዚህ አይደለም። መጠጥ ለሙዚቀኛ ስንቅ ነው የሚለውን ተረት ወጣቶች እንዳይቀበሉ እንመክራለን።

ሦስተኛ፤ ከኋላ የቆመውን ሰው በሕይወቱ ሳለ በስሙ እናመስግነው። በየትምህርት ቤቱ መምህሩ ይታወቃል፤ ርእሰ መምህሩ ይታወቃል፤ ደወሉን የሚደውለው፥ የሙዚቃ ክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው፥ ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠርገው ሰው ግን ስሙ በመጽሔት አይወጣም። የኖርዝዌስተርን ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍል ክፍት ሆኖ ባይቆይ፥ ኮንትራባሱም ባይጠበቅ ኖሮ፤ ጄመርሰን ምን ይዞ ይጀምር ነበር? ስለዚህ ይህ የበዓል ዓመት ሳያልፍ እያንዳንዳችን የትምህርት ቤታችን መሠረት የሆኑትን ሰዎች ስም ጠይቀን እንድናውቅና በስማቸው እንድናመሰግናቸው በትሕትና እናሳስባለን።